የቫለንዙዌላ ሁለት ጨዋታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሎስ አንጀለስ የሚኖሩት አጎቴ ለፋሲካ መጥተው ስለ ቤዝቦሉ ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ አውርተው አይጠግቡም። በኤንጅልስ ቡድን ስለነበረው ቆይታ ስጠይቃቸው ግን «ተወው እሱን!» ብለው አረቄያቸውን ጨለጡ። ምን ሆኖ ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አጎትህ ቢበሽቁ አይፈረድባቸውም። ሜክሲኳዊው ኳስ ወርዋሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሎስ አንጀለሱ ቡድን ለዶጀርስ ሲጫወት የምርጥ ጀማሪነትንም የሳይ ያንግንም (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማት ጠራርጎ ወሰደ። ሊወረውር ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ ሕዝቡ አበደለት። በ1991 ዶጀርስ አሰናበተው፣ ኤንጅልስ ወሰደው። ሁለት ጨዋታ ጀመረ፣ ሁለቱንም ተሸነፈ። በ9 ኢኒንግ (ዙር)፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ሲሰላ 12.15 ነጥብ ተቆጠረበት! ደህና ወርዋሪ ከ4 አያልፍም። እንደኔ ክንዱን የጨረሰው ዶጀርስ ነው፤ ከ1982 እስከ 1987 በየዓመቱ ከ250 ኢኒንግ በላይ አስወርውረውታል። ደግሞም አላበቃለትም፤ በ1996 ለሳንዲያጎ 13 ጨዋታ አሸንፏል። ይህን ንገራቸው።