ሁለት ዛፍ ነው ወይስ አንድ?

«የባዮሎጂ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሒሳብ አይከብደኝም። ማታ ማታ ደግሞ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለጓደኞቼ እልካለሁ። በሒሳብ ባዮሎጂን ያጠና፣ ተርጓሚም የነበረ አንድ ሩሲያዊ እንዳለ ሰማሁና ‹እኔም እንደሱ› አልኩ። አባቴ ግን ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የአባትሽ ተረት ትክክል ነው። እኔን ያጠራጠረኝ የዛፉ ቁጥር ነው።

ሩሲያውያኑን ካነሳሽ አይቀር ስለ ጌኦርጊ ጋውዜ ላውራሽ። ተርጓሚ አልነበረም። ግን ለአንቺ ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ሰው አላገኘሁም። በ1910 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ተወለደ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሳለ አንድ ጥያቄ ያዘው፤ አንድ ዓይነት ምግብ የሚሻሙ ሁለት ፍጥረታት አብረው መኖር ይችላሉ ወይ? ጣሊያናዊው ቮልቴራና አሜሪካዊው ሎትካ ነገሩን በቀመር አስቀምጠውት ነበር። በሙከራ ማየት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ጋውዜ ሁለት ዓይነት ፓራሚሲየም፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ በትናንሽ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ አረባ። ምግባቸው ባክቴሪያ ነው። በየቀኑ ከቱቦው ግማሽ ሚሊ ሊትር ይቀዳል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ነገም እንደዚያው። ለየብቻቸው ሲሆኑ ሁለቱም ተባዙ። አንድ ላይ ሲሆኑ አንደኛው ቀስ በቀስ ሌላውን ጨረሰው። አልነከሰውም፤ ምግቡን ቀድሞ በላበት እንጂ። የዛሬው የሥነ ምህዳር ተማሪ ሁሉ «የጋውዜ ሕግ» ብሎ የሚማረው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ጋውዜ አሜሪካ ሄዶ ከባዮሎጂ ሊቁ ከሬይመንድ ፐርል ጋር ለመሥራት ሮክፌለር የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት የትምህርት ዕድል ጠየቀ። አልተሳካም። ቁጭ ብሎ ግን አላለቀሰም። ሙከራውን መጽሐፍ አደረገው፤ በእንግሊዝኛ። በ1934 ባልቲሞር ታተመ፣ መቅድሙን የጻፈለትም ያው ፐርል ነው። ደራሲው ገና 23 ዓመቱ ነበር። እሱ ራሱ ያኔ ያልሄደበትን አገር ሥራው ሄደበት። በሩሲያኛ ብቻ ጽፎት ቢሆን ስንት ሰው ያነበው ነበር?

ብቻውንም አልነበረም። ታላቁ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በ1936 የቮልቴራን ቀመር ሲያሻሽል ጽሑፉን ያወጣው በጣሊያንኛ፣ በአንድ የጣሊያን መጽሔት ላይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቋንቋ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። እንደ ማይክሮስኮፑ የሥራ ዕቃ ነበር።

ጋውዜ በኋላ መንገዱን ቀየረ፤ ይህንንም ልብ በይልኝ። በ1942 ከማሪያ ብራዥኒኮቫ ጋር ከአፈር ባክቴሪያ ግራሚሲዲን ኤስ የተባለ ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት አገኙ። ለጦርነቱ ቁስለኞች ደረሰ። (የዚያን ሞለኪውል ቅርጽ ኦክስፎርድ ውስጥ ካጠኑት ተማሪዎች አንዷ ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት። የሙያ ነገር እንዲህ ነው።) ጋውዜ እስከ ሞተበት እስከ 1986 የአዲስ ፀረ ተህዋሲያን ምርምር ተቋምን መራ።

በትርጉሙ በኩል ምሳሌ ከፈለግሽ ዩሊ ዳኒሎቭ አለልሽ፤ የሒሳብና የፊዚክስ ሰው ነው። የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የማርቲን ጋርድነርን የሒሳብ ጨዋታዎችና የኬሚስትሪ ሊቁን የፕሪጎዢንን ሥራ ሩሲያውያን በራሳቸው ቋንቋ ያነበቡት በእሱ እጅ ነው። ነገሩን ስለሚያውቀው ነው መተርጎም የቻለው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጉድ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ የተተረጎመ የላቦራቶሪ መመሪያ እጄ ገባ። «የባክቴሪያ ባህል በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» ይላል። ካልቸር የሚለውን ቃል (በላቦራቶሪ እንዲራባ የተደረገ ተህዋሲ ማለት ነው) መዝገበ ቃላት ላይ ያገኘ፣ ባክቴሪያ ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም። ዋጋሽ እዚያ ላይ ነው።

ስለ እንጀራውም እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ትርጉም ቤት ብትገቢ ቀኑን ሙሉ የምትመልሺው የልደት ሰርተፊኬትና ትራንስክሪፕት ነው። ክብር ያለው ሥራ ነው፣ ለአንቺ ግን አልመክረውም። የሳይንስ ትርጉም ብቻውንም የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ባዮሎጂውን ጨርሺ፣ ሒሳቡን ያዢ። ለሁለተኛ ዲግሪ አይምስ የሚባለውን የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ተመልከቺ፤ ሩዋንዳም ደቡብ አፍሪካም አለ። ሩሲያም ከማረከሽ የመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው በአብዛኛው መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል። ለሌላው ያ ዓመት እንደ ባከነ ነው። ለአንቺ ሁለተኛ ሙያ ነው። አባትሽም በደርግ ጊዜ ሞስኮ ያለው ፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ ያሳትማቸው የነበሩ መጻሕፍትን ሳያውቁ አይቀሩም፤ ጠይቂያቸው።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ለስሌትና ለግራፍ የሚያገለግለውን፣ አር (R) የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ። የሁለቱን ፓራሚሲየም ሽሚያ በቀመሩ ሠርተሽ ግራፉን አውጪ። ከዚያ ያደረግሽውን በአማርኛ ሁለት ገጽ ጻፊው፤ ባዮሎጂ ላልተማረ ሰው እንዲገባ አድርገሽ። መጀመሪያ አባትሽ ያንብቡት። እሳቸው ያልገባቸውን ቦታ በእስክሪብቶ ያስምሩበት። ከዚያ ለእኔ ላኪልኝ። ካልቸር የሚለውን ምን ብለሽ እንደመለስሽው ማየት እፈልጋለሁ።