መልስ፦ ዳይኪሪ የኩባ ነው ወይስ የአሜሪካውያን ፈጠራ?
ዳይኪሪ የተባለውን ቅልቅል የአልኮል መጠጥ የፈጠሩት ኩባውያን ናቸው ወይስ አሜሪካውያን ብለው ለጠየቁት፣ መጠጡ በኩባ ምድር መወለዱ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ በሳንቲያጎ ደ ኩባ አቅራቢያ፣ ዳይኪሪ በተባለው ሥፍራ፣ በብረት ማዕድን ሥራ ላይ የነበረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄኒንግስ ኮክስ ሮም የተባለውን ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ አልኮል ከሎሚ ጭማቂና ከስኳር ጋር ቀላቅሎ እንደጀመረው በሰፊው ይነገራል፤ ሆኖም ሦስቱም በደሴቲቱ እንደልብ የሚገኙ ስለነበሩ፣ ከእርሱ በፊት ማንም አልቀላቀላቸውም መባሉ ለእኔ አሳማኝ አይደለም። ፋኩንዶ ባካርዲም ቀለል ያለውን ሮም የሚያመርት ፋብሪካ በዚያው በሳንቲያጎ ያቋቋመው ቀደም ብሎ በ1862 ነበር። የዳይኪሪ ዝና የገነነው ግን፣ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በአሜሪካ ታግዶ ጠጪው ወደ ሃቫና በጎረፈበት ዘመን ሲሆን፣ በከተማዋ በሚገኘው በኤል ፍሎሪዲታ መጠጥ ቤት መጠጥ ቀማሚው ኮንስታንቲኖ ሪባላይጓ በተፈጨ በረዶ የሚያዘጋጀው ዳይኪሪ የከተማዋ መታወቂያ እስከመሆን ደርሷል።