«እንጀራውን በልቻለሁ»፦ ስለ ኤድመንድ ቨርኒ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው በንጉሡና በፓርላማው መካከል ስለተደረገው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ስጽፍ፣ የንጉሥ ቻርልስን ባንዲራ ይዞ የወደቀውን ባለርስትና የፓርላማ አባል ሰር ኤድመንድ ቨርኒን አንስቼ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ቀኖቹም ዓመቶቹም እ.ኤ.አ. ናቸው።

በንጉሡ አቋም ካላመነ ለምን ተዋጋለት?

እኔንም የያዘኝ ይኸው ነው። ቨርኒ ንጉሡ የፓርላማውን ጥያቄ ቢቀበል ደስ ይለው ነበር። የጠቡ አንዱ ምክንያት ለነበሩት ጳጳሳት ብሎ መዋጋትም አልፈለገም። ግን ለወዳጁ ለኤድዋርድ ሃይድ እንዲህ አለው፦ እንጀራውን በልቻለሁ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት አገልግዬዋለሁ፣ አሁን ከድቼው እንዲህ ያለ ነውር አልሠራም። እሱ ያለው ዳቦ ነው። እኛ ቤት ግን ቃሉ እንጀራ ነው። እንደሚሞትም ያውቅ ነበር።

ልጁ በተቃራኒው ወገን ነበር?

አዎ። አባት የዊኮም፣ ልጅየው ራልፍ የኤልስበሪ ተወካይ ሆነው በአንድ ፓርላማ ተቀምጠዋል። ጦርነቱ ሲመጣ ራልፍ ከፓርላማው ጋር ቀረ። ታናሹ ልጅ ደግሞ ለንጉሡ ተሰለፈ።

አሟሟቱስ?

ጥቅምት 23 ቀን 1642፣ በኤጅሂል ውጊያ ላይ። በዚያን ቀን ጥሩርም ሆነ የቆዳ ካፖርት አልለበሰም። አሽከሩ ጄሰን አብሮት ተገደለ። ባንዲራው ተማርኮ፣ ጆን ስሚዝ የሚባል መኮንን አስመለሰው። የተቆረጠ እጁ ባንዲራውን እንደጨበጠ ተገኘ የሚባለው የቤተሰቡ አፈ ታሪክ ነው። ራልፍ ሬሳውን አስፈልጎ አጥቶታል።

ርስቱ ተወረሰ?

ብዙ የንጉሡ ወገን ባለርስቶች መሬታቸው ተይዞባቸው፣ ለማስለቀቅ ከባድ መቀጮ ከፍለዋል። የቨርኒዎቹ ርስት ክሌይደን የተያዘው ግን በአባትየው ምክንያት አይደለም። ራልፍ በ1643 ፓርላማው ከስኮትላንዶች ጋር የገባውን ቃል ኪዳን አልምልም ብሎ ፈረንሳይ ተሰደደ። የራሱ ወገን ነው የወሰደበት። ያስመለሰችው ሚስቱ ሜሪ ናት። በ1646 መጨረሻ ነፍሰ ጡር ሆና ለንደን ገባች። ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ባለሥልጣን ደጅ ወደ ሌላው ተመላለሰች። በጥር 1648 እገዳው ተነሣ። የጻፉት ደብዳቤ ሁሉ ስለተቀመጠ ነው ይህን የምናውቀው። ብሶቱም፣ ናፍቆቱም እዚያው አለ።

ሜሪ በ1650 ፈረንሳይ ውስጥ ብልዋ ከተማ ሞተች። ራልፍ ሌላ አላገባም። አስከሬኗን አስገንዞ፣ እሱ ገና መመለስ ወዳልቻለበት ወደ ክሌይደን ላከው።