መልስ፦ በስልክ ካሜራና በ30 ሺህ ብር አስፈሪ ፊልም ደሴ ላይ ይሠራል ወይ? ሳንሱሩስ?

አብሽር ወንድሜ፣ ይሠራል። ግን በ30 ሺህ ብር ጭራቅ ላሳይ ካልክ ሰው ይስቅብሃል። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተባለው የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም አንድ ቤት ውስጥ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ የተቀረጸ ነው፤ የሚያስፈራው በድምፅና በራሱ በሚንቀሳቀስ በር ነው። አንተ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም በነፃ አለህ! ለጭስ ማሽን ኪራይ ሳንቲም አታውጣ፣ በክረምት ማለዳ ውጣ ብቻ።

ገንዘብህን ድምፅ ላይ አውለው። የስልክ ማይክ የደሴን ንፋስ አይችልም፤ እኔ የሁለት ሌሊት ቀረጻ የጣልኩት በዚሁ ነው። ለደም ቀይ ሥር አትጠቀም፣ ካሜራ ላይ ወይን ጠጅ ይመስላል። ስኳር አፍልተህ አወፍረው፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ትንሽ ካካዋ ጨምርበት።

ሳንሱሩን በተመለከተ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። የሚያስቸግርህ ሰፈሩ ነው። መቃብር አጠገብ ሌሊት ደም ተቀብተህ ብትገኝ አንቀጽ የሚጠቅስልህ የለም (እኔንም ዱላ ይዘው ወጥተውብኛል)። ቀድመህ ሽማግሌዎቹን አስረዳ፣ የቀበሌ ደብዳቤም ኪስህ ውስጥ ይኑር። እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ዘ ኢቭል ዴድ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ከቪዲዮ ቤቶች በፖሊስ ታስለቅም ነበር።