ቡድሃ ፈጣሪያቸው ነው እንዴ? ስለ ቡዲዝም ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ቡዲዝም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፣ የሚመሳሰሉትን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቡዲስቶች ቡድሃን ነው የሚያመልኩት? ፈጣሪ ነው ይላሉ?

አይሉም። ቡድሃ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ በ80 አመቱ የሞተ ሰው ነው፣ ስሙም ሲድሃርታ ጎታማ። የተወለደው ሉምቢኒ፣ ዛሬ ኔፓል ውስጥ ነው፣ የኖረበትን ዘመን ምሁራን ይከራከሩበታል ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን መሀል ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይ ግቢ ውስጥ ከልሎ በድሎት ነው ያሳደገው፣ በኋላ ሲወጣ ግን ሽማግሌ አየ፣ በሽተኛ አየ፣ ሬሳ አየ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ሁሉን የተወ መናኝ አየና ከዛ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጠው አለ፣ በ29 አመቱ ሚስቱንና ህፃን ልጁን ትቶ መነነ። 6 አመት ያህል አጥንቱ እስኪቆጠር ራሱን በረሃብ ቀጣ፣ ይሄም አላዋጣም ብሎ ምግብ ቀመሰና ቦድ ጋያ የሚባል ቦታ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል የፈለገውን አገኘ። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋር ነው፣ ድሎትንም ራስን ማሰቃየትንም ሁለቱንም ኖሮባቸው አይቶ ነው መሀለኛውን መንገድ ያስተማረው።

ሀውልቱ ፊት አበባና እጣን የሚያቀርቡት ለአስተማሪነቱ ክብር ነው፣ ምንም እንኳን ብዙ ሰው እግረ መንገዱን የልቡን ቢለምንም።

ጥያቄ፦ ከኛ ሀገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ! ይሄ የቡድሃ ታሪክ ከህንድ ተነስቶ በፋርስና በአረብ ዞሮ፣ መንገድ ላይ የክርስቲያን ታሪክ ሆኖ ግዕዝ ድረስ መጥቷል። በራላምና ይዋስፍ የሚባለውን መፅሀፍ እኤአ በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከአረብኛ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ናቸው። ንጉስ አባቱ ከአለም የደበቀው ልዑል፣ በሽታና እርጅና አይቶ የሚደነግጠው፣ መናኝ የሚያስተምረው፣ በቃ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ትምህርታቸው ባጭሩ ምንድነው?

የመጀመሪያ ስብከቱን የሰጠው ህንድ ውስጥ ቫራናሲ ከተማ አጠገብ ሳርናት ላይ ለ5 መናኞች ነው። አራት ነገር ነው ያለው፦ ህይወት ውስጥ መከራ አለ፣ የመከራው ስር የማይጠግብ ምኞታችን ነው፣ ምኞቱ ሲጠፋ መከራውም ይጠፋል፣ ለዛ ደሞ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። አንዳንዱ ስለ አእምሮ ነው፣ ሀሳብህን መጠበቅና ማሰላሰል፣ አንዳንዱ ደሞ ስለ ኑሮህ ነው፣ የምትናገረው፣ የምትሰራው፣ እንጀራህን የምታገኝበት መንገድ ሳይቀር። ለምሳሌ መሳሪያ ወይ ሰው ሸጦ መብላት ክልክል ነው። ጨለምተኛ ሀይማኖት ነው የሚሉ ሰዎች መጀመሪያው ላይ ስለሚያቆሙ ነው፣ መድሀኒቱንም እኮ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ካርማ ማለት "የእጁን አገኘ" ማለት ነው?

ፌስቡክ ላይ እንደዛ ሆኗል፣ ግን ቡድሃ ክብደት የሰጠው ለሀሳብ ነው፣ ድርጊቱን አስበህበት ስታደርገው ነው ካርማ የሚሆነው፣ ፍሬውም በዚህ ወይ በሚቀጥለው ህይወት ይመጣል፣ የሚፈርድ ዳኛም የለም። ከባዱ ነገር ዳግም መወለድ አለ እያሉ የማትለወጥ ነፍስ ግን የለችም ማለታቸው ነው። ታድያ ምንድነው የሚወለደው ሲባሉ ከአንዱ መብራት ሌላው ሲለኮስ ምን ተሻገረ ብለው ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ያ ሆዱ ትልቅ የሆነ የሚስቀው ቡድሃስ?

እሱ ሌላ ሰው ነው፣ ቡዳይ የሚባል የቻይና መነኩሴ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ አብራኝ ያለችው ሲሪላንካዊት በወር አንዴ ነጭ ትለብስና ከሰአት በኋላ እህል አትቀምስም። አሟት ነው?

አላመማትም የኔ እህት፣ ፖያ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን። ሀገሯ ላይ በየወሩ ስራ ሁሉ የሚዘጋበት በአል ነው። በአዘቦት ቀን አምስት ትእዛዝ አለባቸው፣ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመዘሞት፣ አለመዋሸትና አለመስከር፣ በፖያ ደሞ የሚያጠብቁ ሰዎች ስምንት ያደርጉታል፣ ከእኩለ ቀን በኋላ አለመብላት አንዱ ነው። የኛ ፆመኛ ከሰአት ነው የሚፈታው፣ እሷ ደሞ ጠዋት በልታ ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ ጉርሻ ካማረሽ ከቀትር በፊት አጉርሻት፣ ከዛ በኋላ ብይ እያልሽ አታስጨንቂያት። አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት ላይ የሚውለው ፖያ ቬሳክ ይባላል፣ ትልቁ በአላቸው ነው፣ ያን ቀን እንኳን አደረሰሽ ብትያት ደስ ይላታል።