ሲዚየም በበግ ወተት ውስጥ ለምን ይበረታል?

ጥያቄ፦ በ1986 እ.ኤ.አ. የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስ፣ የተበከለ ሣር ከበሉ እንስሳት መካከል የበግ ወተት ከላም ወተት የባሰ ነበር ይባላል። በግ የምትበላው ትንሽ አይደለም ወይ? ወተቱን ማፍላትስ ይረዳል?

መልስ፦ ከአደጋው የተበተነው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሲዚየም 137 በሰውነት ውስጥ እንደ ፖታሲየም ነው የሚሄደው፤ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ጡት ይገባል። በቀን ከተበላው ውስጥ በግም ላምም በወተት የሚያወጡት ድርሻ ተቀራራቢ ነው፤ ከመቶ 6 ወይም 7 ገደማ። ልዩነቱ ያ ድርሻ በስንት ሊትር እንደሚከፋፈል ነው። በኪሎው 1000 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ያለበት ድርቆሽ እንውሰድ። በቀን 15 ኪሎ የምትበላና 15 ሊትር የምትታለብ ላም በሊትር 70 ቤክሬል ያህል ትሰጣለች። አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ የበላች፣ አንድ ሊትር የምትታለብ በግ ግን 90 ያህል ትሰጣለች። መኖው አንድ አሥረኛ ሆኖ ወተቱ የባሰው ለዚህ ነው።

ማፍላት ፈጽሞ አይረዳም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም በየሊትሩ ይጨምራል። ወተቱን መለያየት ግን ይረዳል። ሲዚየም ስብ ውስጥ ስለማይገባ ቅቤው ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ አይብ ሲወጣ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አጓቱን ለጥጃ ወይም ለግልገል መስጠት ብክለቱን መልሶ ማስገባት ነው። ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ስትሮንቲየም 90፣ ሌላ ጠባይ አለው፤ ካልሲየምን ስለሚከተል፣ በወተት ማርጊያ ኢንዛይም (ሬኔት) በተሠራ አይብ ውስጥ ይቀራል። እንደኛ አገር አይብ በኮምጣጣነት ሲረጋ ግን አብዛኛው ወደ አጓቱ ያልፋል።

ዋናው መፍትሔ መኖውን መቀየር ነው። ንጹሕ መኖ ሲጀመር በወተቱ ያለው ሲዚየም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጡንቻ ውስጥ ያለው ቀስ እያለ ስለሚወጣ አወራረዱ ይዘገያል። በሁለተኛው ቀን ለክቶ «ጸድቷል» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። የተበከለ ድርቆሽ ማቆየት ለሌላው ጨረር አመንጪ፣ ለአዮዲን 131፣ ይሠራል፤ በየ8 ቀኑ ስለሚገመስ በ80 ቀን ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ይቀራል። ሲዚየም 137 ለመገመስ 30 ዓመት ይፈልጋልና ክምሩን ማቆየት ከንቱ ነው። ሌላ መኖ ከጠፋ፣ ፕሩሲያን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ጨው በቀን 1 ግራም ያህል ከመኖ ጋር ሲሰጥ ሲዚየሙን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል፤ ኖርዌይ ውስጥ በሆድ ቀስ እያለ የሚሟሟ እንክብል ተደርጎ ለበግ ተሰጥቷል።

አፈሩም ይወስናል። ሸክላ የበዛበት መሬት ሲዚየምን አጥብቆ ይይዛል፤ አሲዳማና ብስባሽ የበዛበት ደጋ ግን ለሣሩ ደጋግሞ ይለቀዋል። በብሪታንያ ኮረብታዎች በ1986 በበጎች ላይ የተጣለው ገደብ እስከ 2012 የዘለቀው በዚሁ ምክንያት ነው።