ፖስትዶክ ለምታስቡ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ መጣች። ፒኤችዲዋን ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም። ስልኳን አውጥታ የአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ከአፈር ሳይንስ እስከ ሕዝብ ጤና፣ ከኢኮኖሚክስ እስከ ታሪክ ክፍት የፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ የምርምር ሥራ) ቦታ ተደርድሯል። «ጋሼ፣ ስድስቱ ላይ ባመለክት አንዱ አይቀናኝም ብለው ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። በእሷ ሳይሆን በራሴ ነው የሳቅኩት። እኔም በጊዜዬ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አራት ክፍሎች ያንኑ ደብዳቤ ልኬያለሁ። የፕሮፌሰሮቹን ስም ብቻ እየቀያየርኩ ነበር፤ አንዱ ላይ መቀየሩን ረሳሁት። ሰውዬው በሁለት መስመር መለሰልኝ፤ «ይህ ደብዳቤ የጎረቤቴ ነው፤ አቀብዬልሃለሁ» ይላል። ጎረቤቱ እኮ የራሱ ደርሶታል! ሁለቱ ቡና ይዘው ሲስቁብኝ ዛሬም ይታየኛል።

ፖስትዶክ ሥራ ነው፤ ስኮላርሺፕ አይምሰላችሁ። አንድ ተመራማሪ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ያገኛል፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ሁለት ዓመት አብሮት የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ሃያ ቦታ ባንድ ላይ ቢያወጣም ከጀርባው ሃያ ሰው፣ ሃያ ጥያቄ አለ። የሰውዬውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ሁለት ሦስት አንብቡ። ጥያቄው የት ላይ እንዳስቸገረው ይገባችኋል።

በሁለተኛው ሙከራዬ ለአንድ ፕሮፌሰር ስለ ድሬዳዋው ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ ጻፍኩ። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ውሃው የሚወርደው ከላይ ከደጋው ነው፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶም ሊመጣ ይችላል። መለኪያ የሌለውን ወንዝ ጎርፍ እንዴት እንገምት? ፕሮፌሰሩ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው በዚሁ ላይ ነበር። በሳምንቱ ደወለልኝ።

ደግሞ ሁሉም ነገር አውሮፓና አሜሪካ አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ዓለማያ (የዛሬው ሐሮማያ) የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከፐርዱ ፒኤችዲያቸውን ይዘው ሱዳን ወረዱ፤ ማሽላው ያለበት ማለት ነው። ማሽላን ከድርቅና አቀንጭራ ከሚባለው ጥገኛ አረም ለማስጣል በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ።

ማሪ ኪዩሪ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፌሎሺፕ ትንሽ ይለያል። እዚያ ፕሮጀክቱን ከሚቀበላችሁ ተመራማሪ ጋር ሆናችሁ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ማስረከቢያው ከመድረሱ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ፣ ልትሄዱበት ባሰባችሁት አገር ከ12 ወር በላይ መኖርም አይፈቀድም። ሰዓቱንም ልብ በሉ። የብራስልስ «17:00» በመስከረም ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በ2017 የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን የዋለው በእንቁጣጣሽ ነበር። ዶሮው እየተወጠወጠ፣ እንግዳ እየገባ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፋይል መጫን ምን እንደሚመስል አስቡት።

ልጅቷ ቡናዋን ሳትጨርስ ከስድስቱ አራቱን ሰረዘች። የቀሩትን የሁለቱን ሰዎች ጽሑፍ በእኔ ዋይፋይ አውርዳ፣ በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሄደች።